ከባዱ ነው ጥሩ ላልከን ወንድሜ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣ ሩቅ አገር ተቀምጦ በስልክ ለሚያዘን፤

እንደምን ከርመሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ያ ጉንፋን ለቀቀህ ወይስ አሁንም እንደ አሮጌ መኪና ያንገጫግጭሃል? ወገብህስ? አብሮህ የሚኖረው አንኮራፊ ያስተኛሃል? መጋዘኑ ውስጥ ብርዱ እንዴት ነው፣ ጓንት ገዛህ? አየህ፣ ይሄን ሁሉ ስጠይቅህ ስለ ዕቃህ አንድም ቃል አልተነፈስኩም። መጀመሪያ ሰው፣ ቀጥሎ ዕቃ። ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩት እኔ ቁንጫህ ይሄን ካወቅኩ፣ አንተን እንዴት ጠፋህ?

እኛ ሁላችንም በሕይወት አለን። ለወጉ ያህል የምልህ እንዳይመስልህ።

ከደብዳቤው ጋር አንድ የታሸገ ነገር ይደርስሃል። አንብበህ ሳትጨርስ እንዳትፈታው። ለጊዜው በእጅህ ብቻ መዝነው።

ያ የላክኸው የቢትኮይን ማሽን፣ «ሰክታችሁ ተዉት፣ ራሱ ቁጥር እየፈታ ገንዘብ ያወጣል» ያልከን፣ የመጣ ሰሞን እማዬ «ንብ የቆለፉበት ሣጥን ነው እንዴ?» ብላ ልታስወጣው ነበር። ያዳነው አባባ ነው። ከጀርባው የሚነፋው ሙቀት ጉልበቱን ሲነካው ጊዜ «ተዉት፣ ልጄ ነው የላከልኝ» አለና አልጋውን አስጠጋ። ከዚያ እማዬም ሊጧን ፊቱ እያስቀመጠች «ወዲያው ኩፍ አለልኝ» ማለት ጀመረች። ገንዘቡን እንጃ እንጂ ሙቀቱን ሁሉም ወደደው።

ችግሩ ለማሽኑ ኤሌክትሪክ የሚመግበው ፓወር ሰፕላይ ነው። እሱን ለብቻው፣ ከርካሽ ቦታ ገዝተህ ላክህ። በቪዲዮ ደውለህ ምን ነበር ያልከን? «እስቲ አንሱት! ከባዱ ነው ጥሩ፤ ቀላሉ ውስጡ ባዶ ነው።» አባባ አነሳና «እውነትም ልጄ ዕቃ ያውቃል» አለ። ኩራቱን ብታየው! ገና ሳንሰካው ለመጣው እንግዳ ሁሉ «በል አንሳው፣ አንሳው» ይል ነበር።

ከሰካነው በኋላ ሶኬቱ እንደ ካውያ ይፋጃል ብዬ ደወልኩልህ። ሳቅህ። «ደግሞ ጀመርሽ! ሻዬ ውስጥ ጨው የጨመርሽውን አልረሳሁትም» አልከኝ። እሺ፣ ጨምሬያለሁ። አንድ ሲኒ ጨው ጠጥቶ የሞተ ሰው አላውቅም። ሶኬት ይፋጃል ስልህ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አልክ። ነገር ሳይቃጠል በቅጠል ነበር እኮ ወንድሜ!

ባለፈው ሐሙስ ከምሳ በኋላ አባባ ማሽኑ አጠገብ ጋደም ብሏል፤ እማዬ ጓሮ ልብስ ታሰጣለች። የተቃጠለ ፀጉር የመሰለ ሽታ ሸተተኝ። የአባባ አፍንጫ ከሕመሙ ወዲህ ምንም እንደማያሸት ታውቃለህ። ስገባ ከፓወር ሰፕላዩ ቀዳዳ ጥቁር ጭስ ይወጣል፤ ሶኬቱ ቀልጦ ብርድ ልብሱ ላይ ይንጠባጠባል። «አባባ ተነስ፣ እሳት!» ስለው «አንቺ ልጅ፣ ዛሬ እንኳ ተይኝ» ብሎ ወደ ግድግዳው ዞረ። እማዬም ከጓሮ ሆና «ይተኛበት፣ አንቺ ራስሽ እሳት!» ትለኛለች። ከነብርድ ልብሱ እንደ ጆንያ ጎትቼው በሩ ጋ ስንደርስ ዕቃህ ጧ ብሎ ፈነዳ። ሮጬ የቆጣሪውን ማጥፊያ መታሁት። እማዬ ከጓሮ ሮጣ ገብታ በእጇ የያዘችውን እርጥብ አንሶላ ጥላበት ነው የብርድ ልብሱን እሳት ያዳፈነችው። አባባ መሬት ላይ ተቀምጦ ተኝቶበት የነበረውን ቦታ ብቻ ያያል።

አመሻሹ ላይ ደወልክ። እማዬ እያለቀሰች ነገረችህ። ከአፍህ መጀመሪያ የወጣው ምን ነበር? «ማሽኑስ ተረፈ?»

ስልኩ በድምፅ ማጉያ ነበር። አባባ ሰምቷል። የነደደውን የብርድ ልብስ ጫፍ እየዳበሰ «ሰው አገር ብቻውን ነው፣ ደንግጦ ነው» አለ። ከዚያ ፓወር ሰፕላይ የባሰ ያረረው የእኔ አንጀት ነው። በማግስቱ ደግሞ ሳታፍር «ፓወር ሰፕላዩን ሻጩ ይቀይርልኛል፣ ያንኑ ዓይነት እልክላችኋለሁ» አልክ። እነሱም እሺ አሉህ! አንተን ማስከፋት አይሆንላቸውም። እኔ ይሆንልኛል።

የተቃጠለውን ወደዚያ ጉራው ከሱቁ ወደሚሰፋው ሬዲዮ ጠጋኝ ወሰድኩት። «እንኳን ይሄን አውሮፕላን እፈታለሁ» እያለ ፈታው። ከዚያ ውስጡን በመፍቻው ጫፍ እየነካ አሳየኝ። ሽቦው እንደ ፀጉር የቀጠነ። አደጋ ሲመጣ ኤሌክትሪኩን የሚቆርጠው መከላከያ ሊኖርበት በሚገባው ቦታ ምንም የለም። ጥግ ላይ ግን አንድ ድቡልቡል ሲሚንቶ በሙጫ ተለጥፏል። «ይሄ ምን ይሠራል?» ስለው፣ «ይከብዳል» አለኝ። ሥራው መክበድ ነው! ሻጩ እንዳንተ ያሉትን መዛኞች ጠንቅቆ ያውቃቸዋል።

እንግዲህ ስማኝ። ማሽንህ ተርፏል። ማሽኑ ስንት ዋት እንደሚበላ ላዩ ላይ ተጽፏል፤ አንብበው። ፓወር ሰፕላዩ ከዚያ የሚተርፍ አቅም ያለው ይሁን፤ አህያ እንኳ እስኪንበረከክ ተጭኖ ዳገት አይነዳም። ሽቦው ወፍራም ይሁን፣ ለማሽኑ ቀዳዳ ሁሉ የየራሱ ሽቦ ይኑረው፤ አንዱን ለሁለት መሰንጠቅ የለም። ሲግል ራሱን የሚያጠፋ፣ ነገ ብንከሰው የሚገኝ ሰው የሸጠው ይሁን። እኛም የራሱ መስመርና የራሱ ማጥፊያ እናስገባለታለን፤ ማከፋፈያ ላይ ከቴሌቪዥኑ ጋር አይታዘልም። ቦታውም የጓሮው ዕቃ ቤት ነው። አባባ ክፍል? በሕልምህ! ያንኑ ዓይነት ከላክህ ግን ሳይከፈት ጉድጓድ ይገባል። ስቀልድ ታውቀኛለህ፤ አሁን አልቀለድኩም።

እማዬ ደረትህን ሸፍን ትልሃለች፤ ሊጡ አሁን ቀስ ብሎ ነው ኩፍ የሚለው፣ ቢሆንም ይላል። ድመቷ ከማሽኑ ጀርባ ተፈናቅላ እኔ ሆድ ላይ ሰፍራለች፤ እሷም ሰላም ብላሃለች፣ ቅሬታም አላት። አባባ ጉልበቱን በሙቅ ውሃ ጠርሙስ ያሞቃል፤ ጠርሙሱ እስካሁን አልፈነዳም። «ክፉ እንዳትጽፊበት» ስላለኝ ግማሹን ትቼልሃለሁ። በጣም ናፍቀኸዋል፤ እኔን ግን እስክትደውል አልናፈቅከኝም።

አሁን የታሸገውን ፍታው። አዎ፣ ሲሚንቶው ነው፤ አባባ ራስጌ የከረመው። ስትደውል በአንድ እጅህ እሱን ያዝ፣ በሌላው ስልኩን፣ ከዚያ አፍህ መጀመሪያ «አባባ እንዴት ነው?» ይበል። ከከበደህ ጥሩ ነው፤ አንተው ነህ ያልከው።

የምትነክስህ እህትህ
ቁንጫ

ከአባባ አልጋ ጫፍ፣ ከአዲሱ ብርድ ልብስ ላይ
ኅዳር 12 ቀን