ከወደቀው ኮሶ ሥር

ሐምሌ ፮ ቀን ፲፰፻፸፰

ጉም። ብራና ፋቅሁ፤ አልደርቅ አለ። ለቀለም የሚሆን ቅጠል ልለቅም ወደ ጫካው ወረድኩ... ከወደቀው ኮሶ ግንድ ሥር አንድ ነገር በቅሏል። ቅጠል አይደለም፣ አበባም አይደለም። ቅርንጫፍ ብቻ፤ ቅርንጫፉ ደግሞ ሌላ ቅርንጫፍ ያወጣል። ቢጫ፣ ጫፉ ነጣ ያለ። አንድ ጊዜ አልዩ አምባ ገበያ አንድ ነጋዴ ለዶቃ ሳይጠረብ ያሳየኝን መርጃን፣ የባሕሩን ድንጋይ፣ መሰለኝ። ባሕር እዚህ አንኮበር ምን ይሠራል? ቅጠሉን ረስቼ ተመለስኩ።

ሐምሌ ፱

ዛሬም ሄድኩ። አድጓል። ጉሙ ሲገባ የሚተነፍስ ይመስላል። በምጽፈው ዳዊት ራስጌ የምስለውን ሐረግ እንዲህ ባደርገውስ? ተንበርክኬ ቅርንጫፉን ከታች ወደ ላይ እየቆጠርኩ በቃሌ ያዝኩት።

በሕልሜ ከባሕር በታች ቅዳሴ ቆሜ ነበር። ዓሦቹ ዝም ብለው ያስቀድሳሉ።

ሐምሌ ፲፪

በሰለችን ከቅዳሴ መልስ አገኘኋት። እጮኛዬ፣ የአለቃ ገብረአማኑኤል ልጅ። ሠርጋችን ለጥር ተቆርጧል። ያየሁትን ነገርኳት።

«እንጉዳይ ነዋ!»

«እንጉዳይማ ጃንጥላ ነው። ይሄ...»

«ይበላል?»

«እንጃ።»

«እኔን አይተህ እንኳ እንዲህ ፈዘህ አታውቅም።» ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። አሳይሻለሁ አልኳት።

ሐምሌ ፲፱

ጉድ ፈላ! ጎረቤቴ ጣሰው እንጨት ሊለቅም ወርዶ አይቶኛል። በማለዳ ተንበርክኬ፣ አፌ እያነበነበ... «ደብተራው ለመተት ሥር ይምሳል» ብሎ አገሩን አዳረሰው። እኔ እኮ ቅርንጫፍ ነበር የምቆጥረው! ግን ማን ያምናል? ደብተራ ጫካ ከገባ ሌላ ምን ሊሠራ?

አለቃ ሽማግሌ ላኩብኝ። «ልጄን ለደጋሚ አልሰጥም።»

አለቀስኩ። በሰለች ከቀረችብኝ ምን እሆናለሁ?

ሐምሌ ፳፰

ደጃቸው ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅኩ። «መጥተው ይዩልኝ፣ አባቴ።»

«ፍልሰታ ደረሰ። ሱባኤዬን ትቼ እንጉዳይ ልይ? ጾሙ ሲፈታ እመጣለሁ።»

እንጉዳዩስ እስከዚያ ይቆያል?

ነሐሴ ፯

ጫፉ ጠቆረ። በቅጠል ሸፈንኩት። ለእንጉዳይ ስለት ተሳልኩ... እመቤቴ ይቅር በይኝ።

ነሐሴ ፲፯

አለቃ በመቋሚያቸው እየተደገፉ ቁልቁለቱን ወረዱ። ጣሰውም ተከተለ። ቅጠሉን ገለጥኩ... ጥቁር አተላ። ያ ሁሉ ቅርንጫፍ ሟሟ።

«አላልኩም!» አለ ጣሰው።

አለቃ ግን ጎንበስ አሉ። ዙሪያውን አፈሩን በእጃቸው ዳበሱ።

«የማስከው የታለ?»

«አልማስኩም፣ አባቴ።»

«ጉድጓድ የለም። ያለው የጉልበትህ ምልክት ነው። ሥር የሚምስ ሰው መሬት ሳያቆስል አይመለስም።» ቀና ብለው አዩኝ። «ቆይ አንተ፣ ለአንድ እንጉዳይ ነው ይህን ያህል የተንበረከክኸው?»

«አዎን።»

ወደ ጣሰው ዞሩ። «ሞኝ ነው እንጂ ደጋሚ አይደለም።»

ሞኝ! እንዲህ ያለ ምርቃት ሰምቼ አላውቅም።

ሐምሌ ፲፩፣ በዓመቱ

በሰለችን ይዣት ወረድኩ። በጥር ከተጋባን ጀምሮ መቼ ነው የምታሳየኝ ስትል ነበር። እዚያው ግንድ ሥር ወጥቷል... ገና ትንሽ ነው። ትስቅብኛለች ብዬ ፈራሁ።

ተንበረከከች። እኔም አጠገቧ ተንበረከክሁ። ጉሙ መጣ፣ ሄደ፣ ደግሞ መጣ።

«ብርድ ይመታሻል፣ እንሂድ።»

«እስቲ ዝም በል!»

ስንመለስ ዞር ብዬ አየሁ። አፈሩ ላይ ከጉልበቴ ምልክት አጠገብ የሷም አለ። ጣሰው መጥቶ ይይ!