የወይዘሮ ሃሪየት ሊፕኪን የሕይወት ታሪክና የረቡዕ ጠዋት ንባባቸው

ወይዘሮ ሃሪየት ሊፕኪን ከአባታቸው ከአቶ ሞሪስ ዛክና ከእናታቸው ከወይዘሮ ቤላ ፊንክ በኦሃዮ ግዛት፣ በክሊቭላንድ ከተማ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1936 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው የዳቦ ቤት መኪና ነጂ ስለነበሩ ቤቱ ዳቦ አጥቶ አያውቅም፤ ሌላው ግን እንደ ሁኔታው ነበር። ወንድሞቻቸው ከትምህርት ቤት መልስ ዕብራይስጥ ሊማሩ ወደ ምኩራብ ሲላኩ ሃሪየት ወደ ፒያኖ ትምህርት ተላኩ። ፒያኖውን አልወደዱትም፤ ፒያኖውም አልወደዳቸውም። ወንድሞቻቸው አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላቸው በጉባኤ ፊት ቆመው ከኦሪት ብራና አነበቡ፤ ተደገሰላቸው፣ ብዕር ተሸለሙ። የሃሪየት ተራ ሲደርስ እናታቸው «ለሴት ልጅ ምን ይሠራላታል?» አሉ፤ ነገሩም በዚያው ቀረ።

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በ1954 አጠናቅቀው በከተማው የውሃ መሥሪያ ቤት በስልክ አቤቱታ ተቀባይነት ተቀጠሩ፤ ጡረታ እስከወጡም ድረስ በዚያው አገለገሉ። ውሃ የጠፋበት ሰው ሲጮኽባቸው ሳያቋርጡ ይሰሙና «ጨርሰዋል? እንግዲህ አድራሻዎን ይንገሩኝ» ይሉ ነበር። ልጆቻቸውንም ያሳደጉት በዚሁ ዘዴ ነው። በ1958 ከአቶ ሲድኒ ሊፕኪን ጋር ትዳር መሥርተው ማርክንና ጁዲትን ወልደዋል። አቶ ሲድኒ በ1996 ሲያርፉ ቤቱ ጭር አለባቸው፤ ቴሌቪዥኑን ከፍተው ወደ ሌላ ክፍል ይሄዱ ነበር።

በቀጣዩ ዓመት ለመዋኘት ብለው ወደ አይሁድ ማኅበረሰብ ማዕከል ሄዱ። ገንዳው ለጥገና ተዘግቶ ስለነበር ሲመለሱ ከአጠገቡ ካለው ክፍል የጭቅጭቅ ድምፅ ሰሙ። ክፍሉ በየረቡዕ ጠዋት የአዋቂዎች የኦሪት ትምህርት የሚሰጥበት ነበር። በዚያ የሚማሩት ሁለት ሁለት ሆነው፣ አንድ ገጽ ላይ አጎንብሰው፣ እየተከራከሩ ነው። ጥንድ ያጡት ጡረተኛዋ የጂኦግራፊ መምህርት ወይዘሮ ፐርል ግሊክማን በሩ ላይ ሲያዩዋቸው፣ «ምን ቆመሽ ታያለሽ? ነይ ተቀመጪ፣ የምጣላው ሰው አጥቻለሁ» አሏቸው። በሚቀጥለው ረቡዕ ገንዳው ተጠግኖ ነበር። ሃሪየት ግን ዋናውን ረስተው በስድሳ አንድ ዓመታቸው የዕብራይስጥ ፊደል ይቆጥሩ ጀመር።

ከ2003 ጀምሮ የረቡዕን መርሐ ግብር በበጎ ፈቃድ መርተዋል። ከትምህርቱ በኋላ ሙዚቀኛ፣ ተናጋሪ ወይም ፊልም ያመጡ ነበር። ሰዓቱን የሚያሳልፍ ተናጋሪ ካለ ገና ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ማጨብጨብ ይጀምራሉ፤ አዳራሹ ይከተላቸዋል፤ ሰውየውም አመስግኖ ይወርዳል። አንድ ፕሮፌሰር በዚህ አኩርፈው ቀርተዋል።

በ2010 የረቡዕ ሴቶች በልጅነታቸው የተነፈጉትን የኦሪት ንባብ በመጪው ዓመት ጁላይ በምኩራብ እንዲያነቡ ተወሰነ። ሃሪየት በሕይወታቸው እንደዚያ የጓጉለት ነገር አልነበረም። የብርዱ ወራት ሲገባ ግን የዓይናቸው መሃል ደበዘዘ፤ ዳር ዳሩ ይታያቸዋል፣ ፊት ለፊት ያለው ፊደል ግን አይታያቸውም። ሐኪሙ መፍትሔ እንደሌለው ነገራቸው። ለልጆቻቸው እንኳ ሳይናገሩ ምስጢሩን ለፐርል ብቻ አካፈሉ። ፐርል እያነበቡላቸው፣ እርሳቸው እየደገሙ፣ የሰለጰዓድ ሴት ልጆች ርስት የጠየቁበትን ክፍል በቃላቸው ያዙት።

ችግሩ የኦሪት ንባብ ሕጉ ነው፤ አንባቢ ከብራናው እያየ እንጂ በቃሉ አይልም። ይህንንም የተማሩት እዚያው ረቡዕ ላይ ነው። ፐርል «ማን ሊያውቅብሽ? መጠቆሚያውን ብራናው ላይ አሳርፊ፣ በይው፣ ውረጂ» ሲሏቸው፣ «ሰባ አምስት ዓመት ሙሉ ሳላነብ ኖርኩ፤ አሁን አንብቤያለሁ ብዬ ልሙት?» አሉ። ንባቡን እንዳይተዉት ደግሞ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ሊሰሟቸው ከሩቅ ከተማ ትኬት ቆርጠው ነበር። ምን እንደሚያደርጉ እስከ ዕለቱ ድረስ አልቆረጡም።

ጁላይ 16 ቀን 2011፣ ቅዳሜ፣ ስማቸው ሲጠራ ወጡ። አንባቢ ፊደሉን የሚከተልበትን የብር መጠቆሚያ ያዙ። ከዚያም መልሰው አስቀመጡት። «አይታየኝም» አሉ። «ያለኝ በቃሌ ነው፤ በቃል ደግሞ አይሆንም።» ጁዲት የእናታቸውን የዓይን ነገር የሰሙት በዚያች ደቂቃ ነው፤ ተነሥተው ቆሙ። የምኩራቡ መሪ ረቢዋ ግን በእርጋታ፣ «ለማያይ ሰው ሥርዓት አለው፤ አንባቢ ያነባል፣ እርስዎ ተከትለው ይላሉ። ማን ያንብብልዎ?» ሲሉ ጠየቁ። ፐርል ሳይጠሩ እየወጡ ነበር።

ፐርል ከብራናው አነበቡ፤ ሃሪየት ተከትለው አሉ። መሃል ላይ ፐርል አንድ ቃል ሲያዛቡ ሃሪየት ጮክ ብለው አረሟቸው፤ ምኩራቡ በሳቅ ተሞላ። ፐርል «አርሚ እንጂ፤ ያን ሁሉ ወራት ማን ሆነና ያስጠናሽ» ብለው ቀጠሉ።

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ የረቡዕ ሰዎች አንድ በአንድ ጉዳቸውን አወጡ። አቶ ሃይማን ሌቪት ጆሯቸው ደክሞ ለዓመታት ቀልዱን ሳይሰሙ አብረው ሲስቁ እንደነበር ተናገሩ። በሃሪየት ውትወታ ማዕከሉ ድምፅ ማጉያ አስገባ፤ ጽሑፉንም በትልልቅ ፊደል አሳተመ። እርሳቸውም መርሐ ግብሩን እስከ 2022 ድረስ መሩ።

ባለፈው ዓመት ልባቸው ደከመ። ፐርል ረቡዕ በመጣ ቁጥር ሆስፒታል እየሄዱ ያነቡላቸው ነበር፤ ጥቂት ያነቡና ያቆማሉ፣ ሃሪየት ይደግማሉ። በመጨረሻው ረቡዕ ፐርል አነበቡ፤ አቆሙ፤ ጠበቁ። ድምፅ ሲጠፋ የሃሪየትንም ድርሻ ራሳቸው አሉላቸው፤ ክፍሉ እስኪያልቅም ሁለቱንም እያሉ ቀጠሉ።

ወይዘሮ ሃሪየት በሰማንያ ሰባት ዓመታቸው ማክሰኞ ኖቬምበር 14 ቀን 2023 ዓ.ም. አርፈዋል። ልጃቸው ማርክ፣ ልጃቸው ጁዲት፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውና ወይዘሮ ፐርል ግሊክማን ከኋላቸው ቀርተዋል። ወይዘሮ ፐርል «ጓደኛ» ተብለው መጻፍ አልፈለጉም፤ ያለ ጥንድ የቀሩ ተማሪ ተብለው እንዲጻፉ ጠይቀዋል።

አምላክ ነፍሳቸውን ከሕያዋን ጋር ይቁጠርልን፤ ስማቸው በተነሣ ቁጥርም በረከት ይሁንልን። አሜን።