አፍንጫቸው አልተሳሳተም

ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ አፍንጫ» እያለ የሚጠራቸው አጎታችን ከባለወፍጮው አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ባለች ሁለት ክፍል ቤት፣ ከስልሳ ስምንት ዓመት በፊት ተወለዱ። ቀኑን መታወቂያቸው አንድ ይላል፤ እናታቸው ደግሞ ሌላ ይሉ ነበር። እኛ የምናምነው እናትየውን ነው፤ ሲወለዱ እዚያ የነበሩት እሳቸው ናቸውና።

ስሙን ያወጣላቸው ራሱ አፍንጫቸው ነው። በአምስት ዓመታቸው አንድ ቀን «ጋዝ ይሸተኛል» ብለው ምሳ አልበላም አሉ። አባታቸው «ሰበብ ነው» ብለው ሊቆጡ ሲነሱ፣ ከግድግዳው ወዲያ የጎረቤት የላምባ በርሜል ከሥሩ ተሸንቁሮ ሲንጠባጠብ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ እናታቸው ምድጃ ከመለኮሳቸው በፊት «ና እስቲ አሽትልኝ» ሳይሏቸው አይነኩትም ነበር።

ትምህርታቸውን እስከ ስድስተኛ ክፍል ተከታትለዋል። ሰባተኛ ሳይገቡ የቀሩት ሰንፈው አይደለም። አስተማሪያቸው ከምሳ ሲመለሱ ምን ጠጥተው እንደመጡ በተማሪ ሁሉ ፊት በትክክል ስለተናገሩባቸው ነው። ለአንድ ሳምንት ተባረሩ። ሳምንቱ እስከ ዛሬ አላለቀም።

በአሥራ ሰባት ዓመታቸው ጋራዥ ገቡ። በዚያው ሳምንት ሌላ እኩያቸውም ተቀጠሩ። ሁለቱ አንድ ቱታ እየተፈራረቁ ለብሰዋል፤ አንድ መኪና ሥር ተኝተዋል፤ ከአንድ ሳህን በልተዋል። ጋሽ አፍንጫ «ወንድምዬ» ብለው ጠሯቸውና የሰውዬው ሌላ ስም ተረሳ። እኛም እዚህ «ወንድምዬ» ነው የምንላቸው። ዛሬ በዚህ ሽኝት ላይ ከፊት ወንበር ስለተቀመጡ ማን እንደሆኑ መጠቆም አያስፈልግም።

በዚያ ጋራዥ ሁለቱ የተሰነጠቀ ፕላስቲክ መድፈን ለመዱ። ካቻቢቴ በእሳት አግለው ስንጥቁን እየተጫኑ ያቀልጡታል። ሌላውም ሰው ያደርገዋል፤ ጋሽ አፍንጫ ግን ካቻቢቴውን አጋድመው፣ አንዱን ምልክት በሌላው ላይ በግማሽ እየደረቡ፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት አድርገው ይደፍኑ ነበር። ለወንድምዬም አስተማሯቸው። እንዲህ የሚደፍን በከተማው ሁለት ሰው ብቻ ነበር። ይህን ያዙልን፤ ኋላ ያስፈልገናል።

በሃያ ስድስት ዓመታቸው የራሳቸውን ጋራዥ ከፈቱ። በሩ ላይ ትልቅ አፍንጫ አስሳሉ። ወንድምዬም ከመንገዱ ማዶ የመለዋወጫ ሱቅ ከፈቱ። የጋሽ አፍንጫ ሙያ የቤንዚን ትነት ነበር። ለማያውቅ ሰው፦ ቤንዚን መኪናው ቆሞም ይተናል። ትነቱ ሜዳ ላይ እንዳይለቀቅ በቱቦ ሄዶ፣ ከሰል የታጨቀበት ዕቃ ውስጥ ይገባል። ከሰሉ ያንን ትነት ይዞ ያቆየዋል፤ ሞተሩ ሲሠራ ስቦ ያቃጥለዋል። ይህ ከሰል ታዲያ ምድጃ ላይ የምንጥደው አይደለም፤ ለዚሁ ብሎ ፋብሪካ የሠራው ነው። አንድ ክዳን ካልጠበቀ፣ አንድ ቱቦ ፀጉር ታህል ከተሰነጠቀች፣ ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ይበራል፤ ባለመኪናውም እንቅልፍ ያጣል።

ጋሽ አፍንጫ መጀመሪያ መኪናውን ዞረው ያሸታሉ። ቀጥለው ከዘይት ጣሳ ራሳቸው በሠሩት ማሽን ቱቦው ውስጥ ጭስ ይነፋሉ። ጭሱ ሁልጊዜ የሚወጣው እሳቸው ጣታቸውን ካስቀመጡበት ነው። ከዚያ ወደ ማዶ ይጮሃሉ፦ «ወንድምዬ! የዚህች አሮጊት ዕቃ አለህ?» ፋብሪካው ረስቶት የተወውን መኪና ዕቃ ሁሉ ወንድምዬ ከወደቀ መኪና ፈልፍለው ያመጡ ነበር። ይህንን አንክድም።

በሃያ ስምንት ዓመታቸው ሦስት ጋራዥ ያዳረሰች አንዲት አሮጌ መኪና መጣች። ነጂዋ አዋላጅ ነርስ ነበሩ።

«ሲስተር፣ መኪናሽ ጤነኛ ናት። የታንከሯ አንገት ላይ ያለው ቱቦ ነው» አሏቸው።

«ሦስት ጋራዥ ፈታትቶ ያጣውን አንተ በአፍንጫህ?»

«እነሱ የተማረው እጃቸው ነው።»

ቱቦው ተቀየረ፣ ሽታው ጠፋ፣ በዓመቱ ተጋቡ። ሁለት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ። መኪናዋም አብራ ኖረች፤ ግቢያችን ውስጥ ያለችው እሷ ናት።

ከሦስት ዓመት በፊት ጋሽ አፍንጫ የሠሯቸው መኪኖች መመለስ ጀመሩ። መጀመሪያ የዳቦ አዳዩ፣ ቀጥሎ የጡረተኛው ዳኛ፣ ከዚያ የመዋዕለ ሕፃናቷ አስተማሪ፣ በጠቅላላው አሥራ አንድ መኪና። የሁሉም መብራት በራ፤ የሁሉም መኪና ቤንዚን ሸተተ። ጋሽ አፍንጫ አሸተቱ፤ አፍንጫቸው ከአዲሱ የከሰል ዕቃ ላይ አልነቃነቅ አለ። ዕቃው ግን ከነካርቶኑ ከወንድምዬ እጅ የተቀበሉት ነው። ስለዚህ አፍንጫው ዋሸ አሉ። በአርባ ዓመት ከማዶ የመጣ ዕቃ ተጠራጥረው አያውቁም፤ ጭስ እንኳ ነፍተውበት አያውቁም።

ወንድምዬ ትከሻቸውን ይዘው «ወንድሜ፣ ዕድሜ ነው። አፍንጫም ያረጃል» አሏቸው። አልፈው ተርፈው የአፍንጫ ሐኪም ጋ ወሰዷቸው፤ ካፖርታቸውን ይዘው ደጅ ጠበቋቸው። ሐኪሙ አሥር ብልቃጥ አስሸተታቸው፤ አሥሩንም አወቁ። በዚያ ላይ መሳቢያው ውስጥ የተላጠ ብርቱካን እንዳለ ነገሩት። ሐኪሙ ሳቀና «ጋሼ፣ እርስዎ ይመርምሩኝ» አለ።

ደጅ ሲወጡ ወንድምዬ «እሱ ብልቃጥ እንጂ ቤንዚን መች ያውቃል? እኔ ልንገርህ፣ በቃህ» አሏቸው።

ጋሽ አፍንጫ ሐኪሙን ትተው ወንድምዬን አመኑ። በሩ ላይ የተሳለውን አፍንጫ በገዛ እጃቸው ቀለም ቀቡበት። ሁለት ዓመት ቤት ተቀመጡ። ምሳ ሲቀርብ «ይሄ ነገር ሸተታችሁ ወይስ እኔ ነኝ?» ይሉ ነበር። የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው ፀጉሯን ያሸቱና «እንጃ» ብለው ይመልሷታል። ያንን «እንጃ» ያየ ቤተሰብ አይረሳውም።

ዓምና አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ ባለቤታቸው መኪናዋ አጠገብ ልብስ ሲያሰጡ ቆም አሉ።

«ቤንዚን ይሸታል» አሉ።

ጋሽ አፍንጫ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «አንቺም ይሸትሻል?»

«ጉንፋን ይዞኝ እንኳ ይሸተኛል!»

ጋሽ አፍንጫ መኪናዋ ሥር ገብተው የከሰሉን ዕቃ፣ እሱም ከወንድምዬ ሱቅ የመጣውን፣ ፈትተው በመጋዝ ለሁለት ከፈሉት። ውስጡ የምድጃ ከሰል ነበር። ተፈርክሶ የተሞላ፣ ግማሹ እንኳ በቅጡ ያልከሰለ፣ የእንጨት ልጥ ያለበት። ከሰሉን ትተው ዙሪያውን በጣታቸው ዳሰሱት። ዕቃው አዲስ አልነበረም፤ አሮጌው ተከፍቶ፣ ከሰል ተሞልቶ፣ ተመልሶ ተደፍኗል። የተደፈነበት እንደ ዓሣ ቅርፊት ነው፤ አንዱ ምልክት በሌላው ላይ በግማሽ ተደርቦ። የራሳቸው እጅ ሥራ መሰላቸው።

መንገዱን ተሻግረው ሁለቱን ግማሽ ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ። ወንድምዬ «መኪናው አሮጌ፣ ባለመኪናው አሮጌ። ማን ይከፍተዋል ብዬ ነው» አሉ።

«ዕቃውን ተወው» አሉ ጋሽ አፍንጫ። «ሐኪም ቤት ድረስ ካፖርቴን ይዘህ ስትሄድ፣ አፍንጫዬ ደህና እንደሆነ ታውቅ ነበር?»

መንገዱን ተሻግረው ተመለሱ። ከባለቤታቸው በቀር ለማንም አልተናገሩም። የቀራቸውን ጉልበት ይዘው በየወደቀው መኪና ሥር እየገቡ ደህና ዕቃ ፈለጉ። አሥራ አንዱንም ባለመኪና ቤታቸው ድረስ ሄደው ቀየሩላቸው። ለአሥራ አንዱም «ጥፋቱ የኔ ነው፣ አርጅቼ ነው» አሏቸው። ዳቦ አዳዩም፣ ዳኛውም፣ አስተማሪዋም ዛሬ እዚህ አሉ፤ እስከዚህች ደቂቃ ያንን አምነዋል። ይህ እንዲጻፍ ያዘዙት ባለቤታቸው ናቸው፦ «እሱ ዝም ብሎ ይሂድ። እኛ ዝም አንልም።»

ከአራት ወር በፊት ኩላሊታቸውን ታመው ሆስፒታል ገቡ። በሁለተኛው ቀን በተከፈተው መስኮት ወደ መኪና ማቆሚያው አሽተው «ዘበኛውን ጥሩልኝ፣ እዚያ የቆመ አንድ መኪና የቤንዚን ክዳኑ አልጠበቀም» አሉ። ዘበኛው እየሳቀ ወረደ፤ ሳይስቅ ተመለሰ። የዚያን ዕለት የልጅ ልጃቸውን ፀጉር ደጋግመው አሸቱ፤ «እንጃ» አላሉም።

በመጨረሻው ሳምንት ወንድምዬ ሊጠይቋቸው መጡ። ጋሽ አፍንጫ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር፤ ሰውየውም በሩ ላይ ድምፅ ሳያሰሙ ቆሙ።

«ወንድምዬ» አሏቸው ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «ዛሬም ትደፍናለህ?»

«ኧረ ትቼዋለሁ! ሙት፣ ከተውኩት ቆየሁ!»

ጋሽ አፍንጫ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሰውየው ሲወጡ ለባለቤታቸው «እጁ የቀለጠ ፕላስቲክ ይሸታል» አሏቸው። ከዚያ በኋላ ስለሳቸው አላነሡም።

ባለፈው ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ መስኮቱ እንደተከፈተ፣ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውንና አንዲት አሮጌ መኪና ትተውልናል። ከማዶው ሱቅ የከሰል ዕቃ የገዛ ካለ ለወንድ ልጃቸው ያሳየው፤ ከፍቶ ያየዋል። በሩ ላይ ያለውን አፍንጫም እንደገና እናስለዋለን።

ሬሳ ሳጥኑን ከሚሸከሙት ስድስት ሰዎች የወንድምዬ ስም የፊት ቀኝ ላይ ነው። ጋሽ አፍንጫ ከመታመማቸው በፊት ራሳቸው ያጻፉት ዝርዝር ነው፤ እስከ መጨረሻው አልሰረዙትም፤ እኛም አንሰርዝም። የምንለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሳጥኑን ከመያዛቸው በፊት እጃቸውን ይታጠቡ። ቧንቧው ከበሩ በስተግራ ነው፤ ሳሙና አስቀምጠናል።

ፈጣሪ የጋሽ አፍንጫን ነፍስ ንጹሕ አየር ባለበት ያኑርልን። አሜን።