በምርመራ ላይ ስለነበረው ግድግዳ

ለድንጋይ ካባ ፈቃድ መርማሪ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ወልድያ

ክቡር ሆይ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። የእርስዎ፣ የቤተሰብዎና የቢሮዎ ጤና እንደምን ሰንብቷል? እኔ ከግራና ከተማ በላይ ባለው መንደር የምኖር ገበሬ፣ አልሐምዱሊላህ፣ በሕይወት አለሁ። ታላቅ እኅቴ ሀስና ግን የለችም። ይህን በግል ልነግርዎ ስለማይፈቀድልኝ በአደባባይ እጽፋለሁ።

ከሁሉ በፊት ሕግ አክባሪነትዎን አመሰግናለሁ። ከመንደራችን በላይ ያለው ካባ ባለቤት አቶ ጁነይድ የሥራ ፈቃዱ እንዲታደስለት ሲያመለክት፣ ሀስና ድማሚቱ ቤቷን እየሰነጠቀው መሆኑን ገልጻ ተቃውሞ አስገብታ ነበር። በበርዎ ላይ የተለጠፈው መመሪያ ደግሞ ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ አንዱ ወገን ሌላው በሌለበት መርማሪውን እንዳያነጋግር ይከለክላል። ድሃና ሀብታም እኩል እንዲደመጡ የወጣ መልካም መመሪያ ነው። ቅሬታዎቼም የሚከተሉት ናቸው።

፩ኛ. በሐምሌ ስንጥቁ እጅ የሚያስገባ ሲሆን፣ ከሀስና ጋር ቢሮዎ መጣን። የመጣነው ልንከራከር ሳይሆን፣ ግድግዳው እስኪጠገን ፍንዳታው ለጥቂት ቀን እንዲቆም ልንለምን ነበር። እርስዎም ከበሩ ሳያልፉ፣ «እናቴ፣ ጉዳይዎ በምርመራ ላይ ነው። አንድ ቃል ብሰማዎ ሕግ መጣስ ይሆንብኛል። ነሐሴ ዐሥራ ስምንት በቀጠሮው ይምጡ» አሏት። ሀስና ሰው አክባሪ ነበረችና ስላስቸገረችዎ ይቅርታ ጠይቃዎ ወጣች።

፪ኛ. ከሦስት ቀን በኋላ ጨው ልገዛ መርሳ ስወርድ፣ እርስዎና አቶ ጁነይድ በአንድ ምግብ ቤት ግቢ ምሳ ስትበሉ አየሁ። የካባው ካርታ በመካከላችሁ ተዘርግቶ ነበር። ሰላም ልልዎ ስጠጋ ካርታውን አጥፈው ስለ ዝናቡ ጠየቁኝ። ስለ ዝናብ መነጋገር በመመሪያው ስላልተከለከለ፣ በርትቷል ብዬ መለስኩ።

፫ኛ. በማግሥቱ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ገደማ ካባው ሁለት ጊዜ ፈነዳ። ሀስና ዙህር እየሰገደች ነበር፤ ግድግዳው ከነመስገጃዋ ተጫናት። እኔና ጎረቤታችን አስፋው ጭቃውን በእጃችን ስንቆፍር ድምጿ ለጥቂት ጊዜ ይሰማን ነበር፤ ስሜን ትጠራ ነበር። ከዚያ ዝም አለች። ያንኑ ዕለት ቀበርናት።

፬ኛ. ነሐሴ ዐሥራ ስምንት ቀን በእርሷ ፈንታ በቀጠሮው ተገኘሁ። ጸሐፊዎ ወይዘሪት ቃልኪዳን ዓይኗ እንባ አቅርሮ ያነበበችልኝ ውሳኔ፣ «ተቃዋሚዋ ባለመቅረቧ ተቃውሞው ተዘግቷል፤ ፈቃዱም ታድሷል» ይላል። ወንድሟ ነኝ፣ ሞታለች ብዬ ለመናገር ስጀምር፣ የተዘጋ መዝገብ አስተያየት አይቀበልም ተባልኩ። ስለ መቅረቷ በቤተሰቡ ስም ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ እክሏን አስቀድማ በጽሑፍ ማሳወቅ ነበረባት።

በሐምሌ ለመስማት ጊዜው ገና ነበር፤ በነሐሴ ደግሞ አለፈ። በሁለቱ መካከል ስለነበረው ጥንቃቄዎ አላህ የሥራዎን ይክፈልዎ፤ እርስዎም አቤት በሚሉበት ቀን ቀጠሮ የማይጠይቅ ሰሚ ይስጥዎ።

ካለኝ ከፍ ያለ አክብሮት ጋር፣ ከበርዎ ውጭ እንደቆምኩ፣
አብዱልሐሊም ሰይድ

ማስታወሻ፦ ከሀስና ቤት ቀጥሎ ያለው የኢሕሳን ቤትም ተሰንጥቋል፤ ከሦስት ልጆቿ ጋር እዚያው ታድራለች። እስከ ዛሬ አቤቱታ ስላላስገባች በምርመራ ላይ ያለ ጉዳይ የላትም፤ ሊያነጋግሯት ይችላሉ።