ለቅሶ ላይ ታስሮ ስለቀረው ንፋስ

ለተከበሩ የመስኖ ውኃ ክፍፍል ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤
ሀዋሳ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? ቢሮዎ መስኮቱ ተዘግቶ ስለሚውል ብርድ እንደማይመታዎ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ አባይነሽ፣ ከአየር ጠባይ መለኪያ ጣቢያችሁ አጥር ማዶ የምኖር፣ የሟቹ የአቶ ደምሴ ባለቤት ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለሁ።

በመጀመሪያ ምስጋና ይድረስዎ። ካቻምና ባለቤቴ ሲያርፍ ግቢያችን ጠቦን የለቅሶውን ድንኳን እናንተ ግቢ እንድንተክል ፈቅዳችሁልናል። ሠራተኞችዎም የንፋስ መለኪያው ሲሽከረከር ሲጢጥ ማለቱ ለቀስተኛውን እንዳይረብሽ ብለው በሲባጎ ጥፍር አድርገው አሰሩት። እንዲህ ያለ ሰው አክባሪነት ከየት ይገኛል? እኔ ውለታችሁን አልረሳሁም፤ እናንተ ግን መፍታቱን ረሳችሁት።

ቅሬታዬ እነሆ፦

፩ኛ. ድንኳኑ ከተነሣ ወዲህ በሪፖርታችሁ ሀዋሳ ላይ ንፋስ ነፍሶ አያውቅም። አሞራ ገደል ዓሣ አስጋሪዎቹ ማዕበሉን ፈርተው ጀልባቸውን ጎትተው ሲያወጡ እንኳ፣ እናንተ ወረቀት ላይ ዜሮ ነው።

፪ኛ. ንፋስ ከሌለ ከአፈርና ከቅጠል የሚተነው ውኃ ጥቂት ነው ብላችሁ አሰላችሁ፤ በስሌቱ አልከራከርም። በዚሁ ስሌት ግን የአቮካዶዬን የመስኖ ውኃ በግማሽ ቀነሳችሁት። ደምሴ በእጁ የተከላቸው ዛፎች ሪፖርት ስለማያነቡ ደረቁ። የቀረኝ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ቅጠሉ ከጫፉ መቃጠል ጀምሯል።

፫ኛ. መጥቼ ሲባጎውን ልፍታ ብል የመንግሥት ንብረት አይነካም ተባልኩ። ባለሙያ ይላክልኝ ብል መለኪያው ብልሽት አላሳየም ተባልኩ። ታስሮ እንዴት ያሳያል! አይ የኔ ነገር፣ ይህንን ለተማረ ሰው ማስረዳቴ ድፍረት ነውና ይቅር ይበሉኝ።

እውነቱን ልንገርዎ፣ ክቡር ሆይ፣ ፈርቻለሁ። ያ ነገር ከአጥሩ ማዶ እንደተገነዘ ሰው ቀጥ ብሎ ሳየው የባለቤቴ ለቅሶ ያላለቀ ይመስለኛል። እኔ ሚስቱ ከል ካወለቅሁ ቆየሁ፤ የእናንተ ሐዘን ግን በዛ። ያ አንድ ዛፍ ሳይደርቅብኝ ውኃዬን እንድትመልሱልኝ እለምናለሁ።

ንፋስን እንኳ ሐዘን ላስቀመጠው ጽሕፈት ቤትዎ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣
አባይነሽ፣ ከአጥሩ ማዶ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሠራተኛዎ የደረቁትን ዛፎች እንዳስቆርጥ ስለመከሩኝ አመሰግናለሁ፤ አላስቆርጥም። አመሻሽ ላይ ቅርንጫፎቹ ሲንኳኩ ደምሴ የመጣ እየመሰለኝ ተነሥቼ በር እከፍታለሁ። ደጄ ላይ የማገኘው ግን ያንን የእናንተን የሌለ ንፋስ ነው። ለሪፖርት ከፈለጋችሁት እኔ ቤት አለና፣ ሰው ልካችሁ ውሰዱት።