ኔትወርክ ወይስ ደኅንነት

ኅዳር 3፣ ጠዋት
ኢንተርኔቱ ተቋርጦ ፋይናንሶች ደጋግመው ደወሉ። ገመዱን ነቀልኩ፣ መልሼ ሰካሁ፣ ሠራ። ለምን እንደ ሠራ አላውቅም። ተመስገን።
ኃላፊያችን አቶ ሙሉጌታ እኔንና ሀብታሙን ጠሩን። የመ/ቤቱ የአይቲ ባለሙያዎች እኛው ሁለታችን ነን። ለእያንዳንዳችን አንድ ሰርተፊኬት ያስፈትኑናል፤ ኔትወርክ ወይ የሳይበር ደኅንነት። እስከ ገና ቀድሞ ያለፈ ቡድን መሪ ይሆናል። ሹመቱን እፈልገዋለሁ፣ ማስታወሻዬ። በጣም!

ኅዳር 5
ደኅንነት አልኩ። ስሙ ያምራላ። ሀብታሙ ኔትወርክ መረጠ። አፉ አያርፍም መቼም፣ አጥር ሳታጥሪ ዘበኛ ልትቀጥሪ ነው ብሎ ሳቀብኝ። ቅናት ነው ብዬ ዘጋሁት።

ኅዳር 12፣ ሚካኤል
ከቤ/ክ መልስ ጥናት። የመለማመጃ ጥያቄዎቹን ከነምርጫቸው በቃሌ ይዣለሁ። አባባ በዲማ ገዳም የቅኔ መምህር ናቸው፤ ልጅ ሆኜ ዳዊትን ያስያዙኝ እንዲህ ነው። ቃሉ ይቅደም፣ ትርጉሙ ኋላ ይደርሳል። እንግሊዝኛውን እንደ ዳዊት ደገምኩት። ኮርቻለሁ።

ኅዳር 17፣ ከምሳ በኋላ
ጉድ ሆንኩ። ሀብታሙን እስኪ ጠይቀኝ አልኩት። ገና ሳይጨርስ መልሱን አወጣዋለሁ። ተገረመ። ከዚያ አንዱን ጥያቄ ይዞ፣ ይኼ ጥቃት በእኛ መ/ቤት ላይ ቢደርስ በየት በኩል ይገባል አለ። ወረቀት ሰጠኝ፤ የመ/ቤቱን ኔትወርክ በሥዕል አሳይኝ አለ። ከዋናው ራውተር በኋላ እጄ ቆመ። ስንት ዓመት የሠራሁበት ቤት!
አልሳቀም። ቢስቅ ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 18
አባባ ጋ ደወልኩ። ፈተናውን በቃል ይዤ ሳላልፍ አልቀርም፣ ሥራውን ግን አላውቀውም አልኳቸው። ያጽናኑኛል ብዬ ነበር። ተቆጡ እንጂ!
«አንች ልጅ፣ ቃል የሚያዝ መምህር አጠገብ ተቀምጦ ነው፤ ሲስቱ የሚያርም፣ ሲደርሱ የሚፈታ። ያንች መምህር ማነው?»
መልሴን ሳይጠብቁ ወደ ጤፍ አጨዳው ወሬ አለፉ።

ኅዳር 19
ካለፍኩስ? ወረቀቱ ግድግዳ ላይ፣ እኔ ቡድን መሪ። አንድ ቀን እውነተኛ ጥቃት ሲመጣ ሁሉም ዞሮ እኔን ያያል። ከመሠረቱ ብጀምር ደግሞ ለገና አልደርስም። ሹመቱ የሀብታሙ። እሱ አለቃዬ! ከነዚያ አፉ።

ኅዳር 20፣ ዓርብ ከሰዓት
ምርጫዬን ወደ ኔትወርክ ቀየርኩ። አቶ ሙሉጌታ ግንባራቸውን ቋጠሩ፤ ለገና እንደማትደርሺ ታውቂያለሽ አይደል አሉ። አውቃለሁ አልኩ። ስወጣ እንባዬ መጣ፣ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ታጠብኩ።
ከዚያ በቀጥታ ወደ ሀብታሙ። አስተምረኝ አልኩት። ቀልድ መሰለው መጀመሪያ።
ነገ ቅዳሜ ነው፣ ቢሮው ባዶ። ከኮርኒሱ በላይ ያለውን ገመድ አንድ በአንድ ልንከተል ጠዋት ሁለት ሰዓት ተቀጣጥረናል። መሰላሉን እኔ አመጣለሁ።