መርዶሽን የደበቁብኝ ፈላስፎች

ለአንቺ፣ ለዘነቡ፤

ደህና ነሽ ወይ ብዬ አልጀምርም። ደህና አይደለሽም፤ ሞተሻል። ከተለየሽኝ ዓመት ሞልቶ አለፈ፤ በዚህ ቤት ግን ይህን ቃል አፉን ሞልቶ የሚናገር እኔ ብቻ ነኝ። የምጽፍልሽም በገዛ እጄ ነው። ልጃችን ታምራት «አባባ፣ አንተ ተናገር፣ እኔ ልጻፍልህ» ብሎኝ ነበር። እንቢ አልኩ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት፣ ጢሜ ካበቀለ በኋላ ነው፤ ቢጣመምም የራሴ ነው። እሱ ቢጽፈው ፊደሉን ብቻ ሳይሆን ነገሩንም ያቃናልኛል።

በዚህ በሰው አገር፣ ሰፈራችን ቤሪያ ያው ቤሪያ ነው፤ የፎቃችን ሊፍት አሁንም አይሠራም። ቮስሎሩስ ሰፈር ያለውን ስፓዛ፣ ያን ትንሽ ሱቃችንን፣ መልሼ ከፍቻለሁ፤ ከብረት ፍርግርጉ ጀርባ ማስክ አድርጌ እቀመጣለሁ። ሴቶቹ ዳቦ ሊገዙ ሲመጡ «ማማ የት አለች?» ይሉኛል። ሞታለች እላቸዋለሁ። «ሃዉ፣ ባባ» ብለው እጃቸውን ደረታቸው ላይ ያደርጋሉ። ባዕድ ሆነው ሰምተው ያዝኑልሻል። የገዛ ሰዎችሽ ግን... ወደዚያ እመጣለሁ።

ታምራት ሊያስታምመኝ ብሎ ከእኔ ጋር ገብቷል። ልብስ ታሰጪበት የነበረውን በረንዳ በመጽሐፍ ካርቶን ሞላው። ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው የአሜሪካ ፈላስፎችን ትምህርት እንደሆነ ለቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ በኩራት ስታወሪ፣ እኔ ምን እንደሚሉ ጠይቄው አላውቅም ነበር። አሁን አወቅሁ። በአንቺ ሞት ተማርኩት።

ኮሮና ይዞሽ አምቡላንስ ከወሰደሽ በኋላ እኔም በዚያው በሽታ ወደቅሁ። ታምራት ምግቤን በር ላይ እያስቀመጠ በስልክ «እማማ ተሽሏታል፣ ሾርባ ጠጣች፣ ሰላም ብላሃለች» ይለኛል። እኔም ትንፋሼ እየተቆራረጠ ጌታ ሆይ ፈውሳት እላለሁ። ለካ አንቺ ተቀብረሻል። እሱና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ተማክረው፣ እስኪድን አይነገረው ብለው ተስማምተዋል። አፈር ውስጥ ላለ ሰው ፈውስ ስለምነው ፈጣሪ ምን ብሎኝ ይሆን?

የመርዶን ወግ አጥቼው አይደለም። በእኛ አገር ሰው ሞት ብቻውን እንዳይሰማ ይደበቅለታል፤ ንጋት ላይ ሽማግሌ ይመጣል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ከዚያ ይነገረዋል። የሚደበቀው ለመንገር ነው። እኔ ድኜ ከታምራት አፍ ስሰማ ግን የመቃብርሽ አፈር ደርቆ ነበር።

ስጮህበት ይቅርታ የሚለኝ መስሎኝ ነበር። ቁጭ ብሎ አስተማረኝ! እነዚያ አሜሪካኖች፣ እውነት ማለት ደጅ ካለው ነገር ጋር የሚመሳሰል ፎቶግራፍ አይደለም ይላሉ አለኝ። እምነት መሣሪያ ነው፤ ይዘነው ስንኖር የሚያኖረን፣ ተፈትኖ የሚያዋጣን ከሆነ፣ እውነት የምንለው እሱን ነው የሚሉ አሉ። ሌሎቹ ደግሞ አልፈው ሄደው፣ ከሰው ንግግር ውጭ ቆሞ የሚዳኝ የለም፣ እውነት ማለት የአንድ ማኅበር ሰዎች ተነጋግረው የሚቀበሉት ነው ይላሉ አለኝ። «ትንፋሽህን የመለሰልህ እማማ አለች ብለህ ማመንህ ነው፣ አባባ።»

እንግዲያው ሌቦች ተሰብስበው ሌብነት ጽድቅ ነው ቢሉ፣ ጽድቅ ሊሆን ነው? አልኩት። ሳቀ። ይህ ጥያቄ አሜሪካኖቹንም ሰልችቷቸዋል፤ ስምምነት የሚባለው ነገሩ የሚነካው ሰው ሁሉ ገብቶ ሊሞግተው የሚችለው ነው አለ። ታዲያ እኔ ስምምነታችሁ ውስጥ ነበርኩ? አልኩት። «ብትኖርበት ኖሮ ትሞት ነበር» አለኝ። መዳኑን ድኛለሁ። መዳን ግን መስማማት አይደለም፤ በአንድ ጣሪያ ስር ተኳርፈን ከረምን።

አንቺም የእሱ ወገን እንደምትሆኚ አውቃለሁ። ክሊፕታውን በሚባለው ሰፈር የምንሸጠውን አልጋ ልብስ ተሸክመን በየበሩ ስንዞር፣ ፀሐዩ አናትሽን እየበሳው፣ ለእናትሽ ደውለሽ «ትልቅ ሱቅ አለን፣ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው የምሸጠው» ትዪያት ነበር። ሱቁን የዘረፉን ቀን እንኳ፣ ዛሬ በዓል ስለሆነ ዘግተን አረፍን አልሻት። እኔ ስቆጣ አንቺ ትስቂያለሽ፤ እሷ እዚያ እንቅልፏን ትተኛለች። ልጁ ከአሜሪካ ብቻ አልተማረውም። አሁን ግን ሞተሻልና፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሳታቋርጪኝ ስሚኝ።

ከእናትሽም ደበቁሽ። ሆሳዕና ያሉት ወንድሞችሽ፣ በሽታው ጉሮሮዋን ዘግቶት ድምፅ የላትም አሏት። ታምራትም ደህና ናት በላት እያለ ስልኩን ይዘረጋልኛል። እኔ አልይዝም አልኩ። አሮጊቷ ግን «አማቼ ምን በድዬው ነው የሚሸሸኝ?» ብላ አለቀሰች። ያኔ ጨከንኩ። ወይ በወጉ መርዶዋን ንገሯት፣ ወይ እኔ በስልክ እነግራታለሁ አልኳቸው። ታላቅ ወንድምሽ «በአንተ ግትርነት እናታችንን አንቀብርም፣ አንተ በቅሎ!» ብሎ ሰደበኝ። ግን ፈሩኝ። አንድ እሁድ ንጋት ላይ ሽማግሌ ይዘው እናትሽ ቤት ገቡ፤ ስልኩን ክፍት አድርገውልኝ እኔም ከዚህ ተቀመጥኩ።

ጩኸቷን ሰማሁ። ድምፅዋ ሲሰክን ስልኩን አቅርቡልኝ አለች። ልታጽናናኝ መስሎኝ ነበር። «ድምፅ የሌላት ልጅ ነበረችኝ፤ እሷንም ወሰድክብኝ። ማን ንገረኝ አለህ?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አታናግረኝም። እንደ ድሮውም አትበላም አሉ።

ታምራት ስልኩን ዘጋና «ምን ጠቀመ፣ አባባ?» አለኝ። ሊያሽሟጥጠኝ አልነበረም፤ ዓይኑ ቀልቷል።

ምንም፣ አልኩት። ማንንም አልጠቀመም። እሷን ጎዳት፣ እኔን ከእሷ አጣላኝ፣ አንቺንም አላስነሳሽም። ሆኖም እናትህ ሞታለች፣ አልኩት። ቢያዋጣንም ሞታለች፣ ባያዋጣንም ሞታለች፣ አገር ሁሉ ተስማምቶ አለች ቢልም ሞታለች። ይህን ስናገር፣ ያን ሁሉ ጊዜ በቁጣ ታፍኖ የቆየው ዕንባ መጣ። ልጅሽ አጠገቤ ተቀመጠ፤ ምንም አላስተማረኝም። ገና ይቅር አላልኩትም። ግን ከአጠገቡ አልተነሣሁም።

ዘነቡ፣ ስምሽን ስጠራ ተሽሏታል አልልም፣ መንገድ ሄዳለች አልልም። አፈር እስኪጫነኝ ድረስ «ነበረች» እያልኩ አነሳሻለሁ። ክፉ ምላስሽን፣ ሳቅሽን፣ ውሸትሽንም ጭምር፣ አንዱንም ሳላቃና። ማንም ተስማማ፣ አልተስማማ፣ ነበርሽ።

ባልሽ ኤርጫፎ